የኮሪያን ፊደል በኮምፒውተር ስናስተናግድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባዱ ስህተት፣ በስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ሆነው የሚታዩ ሁለት ቃላት ሲቀመጡም አንድ ናቸው ብሎ ማመን ነው። «ሃን» ተብሎ የሚነበበው የሃንጉል (የኮሪያ ፊደል) ክፍለ ቃል ሦስት ፊደላት በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ተሰድረው የሚጻፍ ሲሆን፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ፣ ዩኒኮድ፣ በሁለት መንገድ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል፤ ወይ በአንድ ቁጥር፣ በ54620፣ ወይ ደግሞ በሦስት ተከታታይ ቁጥሮች፣ በ4370፣ በ4449 እና በ4523። ዓይን አይለያቸውም፤ ፕሮግራም ግን ይለያቸዋል። እኔም አንድ ጊዜ ስሙ በኮሪያኛ የተጻፈ ፋይል ፊት ለፊቴ እየታየኝ ፍለጋው «አልተገኘም» እያለ ሁለት ቀን አቃጥሎኛል። በመጨረሻ ባይቶቹን አንድ በአንድ ስቆጥር፣ በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች ወደ ባይት በሚቀየሩበት ስልት) የጻፍኩት «ሃን» ሦስት ባይት፣ በፋይሉ ስም ውስጥ ያለው ግን ዘጠኝ ባይት ሆኖ አገኘሁት። ያሳሳተኝ የራሳችን ፊደል ልማድ ነበር፤ «ሀ» ቁጥሯ 4608 ብቻ ነው፣ ወደ ተነባቢና አናባቢም አትፈታም። (የሃንጉል ነጠላ ፊደላት ክፍል የሚያበቃው በ4607 ስለሆነ፣ ሁለቱ ፊደላት በዩኒኮድ ውስጥ ድንበርተኞች ናቸው።) ስለዚህ እባካችሁ፣ ጽሑፍ ስትቀበሉም ስትፈልጉም፣ ከማነጻጸራችሁ በፊት ሁለቱንም ወገን ኤንኤፍሲ ወደሚባለው የተገጣጠመ ቅርጽ ለውጡ።

በክፍለ ቃል መጀመሪያ የሚመጣው መነሻው «ን» እና በመጨረሻው የሚመጣው መድረሻው «ን» አንድ ቁጥር የላቸውም፤ የመጀመሪያው 4354፣ ሁለተኛው 4523 ነው። ለብቻው ቆሞ የሚጻፈው ደግሞ 12596 ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይገጣጠምም።

ከነጠላ ፊደላቱ የተገጣጠመውን ክፍለ ቃል ቁጥር የሚያሰላውን ቀመር ስትጽፉ መድረሻ ተነባቢዎቹ 27 ናቸው ብላችሁ በ27 አታባዙ፤ መድረሻ አለመኖሩም አንድ ምርጫ ስለሆነ 28 ይሆናሉ። የመነሻውን ተራ ቁጥር በ21 አባዝታችሁ የአናባቢውን ትደምራላችሁ፣ ውጤቱን በ28 አባዝታችሁ የመድረሻውን ትጨምራላችሁ፣ በመጨረሻም 44032 ትደምራላችሁ። ተራ ቁጥሮቹ ከዜሮ ይጀምራሉ። ለ«ሃን» መነሻው 18፣ አናባቢው 0፣ መድረሻው 4 ነው፤ ድምሩም 54620 ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን የኮሪያ የኮምፒውተር ፊደላት ስታንዳርድ ሙሉ ዝርዝር አድርጎ መውሰድም ሰውን ይጎዳል። ስታንዳርዱ 2,350 ክፍለ ቃላትን ብቻ ይዟል፤ 19 መነሻ፣ 21 አናባቢና 28 መድረሻ ሲባዙ ግን 11,172 ይሆናሉ። በስሙ ውስጥ ከቀሩት 8,822 አንዱ ያለበት ሰው፣ በዚያ ዝርዝር ብቻ በሚሠራ ቅጽ ላይ የገዛ ስሙን በትክክል መሙላት አይችልም።