ከማሳ የሚወጣ ጋዝ ስንለካ የሚደጋገሙ ስህተቶች

እርጥበትን ከአፈሩ እፍግታ፣ ማለትም አፈሩ ምን ያህል ከተጠቀጠቀ መሆኑ፣ ነጥሎ ማየት። ይህ የሌለበት ሪፖርት ብርቅ ሆኖብኛል። ናሙናው ይመዘናል፣ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል፤ «እርጥበት 25 በመቶ» ተብሎ ይጻፋል፤ አለቀ። ከዚያ የሁለት ማሳዎች እርጥበት እኩል ሆኖ ሳለ ከአንዱ ብቻ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ሙቀት አማቂ ጋዝ በብዛት ሲወጣ ማዳበሪያው ይወቀሳል። እስቲ እናስላው። የመጀመሪያው አፈር ልል ነው፤ እፍግታው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.1 ግራም። 58 በመቶ ያህሉ ክፍተት ሲሆን ውሃው የሞላው የክፍተቱን 47 በመቶ ብቻ ነው። ሁለተኛውን የትራክተር ጎማ ጠቅጥቆታል፤ 1.4 ግራም። ያው 25 በመቶ እርጥበት እዚህ ከክፍተቱ 74 በመቶውን ይይዛል። ናይትረስ ኦክሳይድ በብዛት የሚወጣው ደግሞ ውሃ ከክፍተቱ ከ60 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ሲይዝ ነው። ከዚያ ካለፈ ኦክስጅን ይጠፋና ባክቴሪያዎቹ ጋዙን ራሱን ወደ ተራ ናይትሮጅን ይቀይሩታል፤ ስለዚህ «ውሃ በበዛ ቁጥር ጋዙ ይበዛል» የሚለውም አያስኬድም። እፍግታውን ለመለካት ይዘቱ የታወቀ የብረት ቀለበት ይዛችሁ ውጡ፣ እባካችሁ!

ፒኤችን፣ ማለትም የአፈሩን አሲዳማነት መለኪያ፣ መዝለል። ናይትረስ ኦክሳይድን ወደ ተራ ናይትሮጅን የሚቀይረው ኢንዛይም አሲዳማ አፈር ውስጥ ይዳከማል፤ ጋዙም ሳይቀየር ያመልጣል። ኖራ ይረዳል፤ ግን ኖራው ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ከዜሮ በታች የሆነ የሚቴን ውጤትን የመሣሪያ ብልሽት ማድረግ። ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ሚቴን ይለቃል። አየር በሚገባው አፈር ውስጥ ግን ሚቴን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ስላሉ አፈሩ ጋዙን ከአየር ይስባል። አንድ ጎበዝ ጀማሪ ኔጋቲቭ ቁጥሮቹን ሁሉ ዜሮ አድርጎ አምጥቶልኛል። ትጋቱን ወደድኩለት፤ የሰረዘው ግን ዋናውን ግኝቱን ነበር።

ዝናብ ሲጥል ቤት መዋል። ደርቆ የከረመ አፈር ሲረጥብ፣ በተለይ ማዳበሪያ በተበተነ ሰሞን፣ የወቅቱ ልቀት ትልቁ ክፍል በጥቂት ቀናት ሊወጣ ይችላል። በቀን መቁጠሪያ ብቻ የሚለካ ሰው ያመልጠዋል።

ጋዙን የሚያጠራቅመው ክዳን የሚያርፍበትን መቀመጫ ቀብሮ ወዲያው መለካት። የተረበሸው አፈር ይረጋጋ።

የሰብሉን ሥር መርሳት። ብርሃን በማያስገባ ክዳን ውስጥ የሚለካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሥሩም ትንፋሽ አለበት፤ ሰብሉ ከአየር የወሰደው ደግሞ አልተቀነሰም። የማሳው የተጣራ ልቀት አይደለም።

በናይትረስ ኦክሳይድ ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን ክብደት ከጋዙ ክብደት ጋር ማምታታት። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሄድ በ44 አባዝቶ ለ28 ማካፈል ነው። ሰንጠረዡ ላይ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ።