ክረምቱ ሲወጣ ማውንቴን ባይክ፦ ከመጀመሪያው ልምምድ እስከ መጀመሪያው ውድድር

መስከረም ሲጠባ የሁላችንንም እግር ያሳክከዋል። ክረምቱን ግድግዳ ተደግፋ የከረመችው ሳይክል ትወጣለች፣ ንፋስ ትሞላለች፣ ከዚያ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቀጥ ብሎ ወደ እንጦጦ አናት! ሰኞ ጉልበት ያማል፣ ማክሰኞ ጉንፋን ይጀምራል፣ ሳይክሏም ተመልሳ ግድግዳዋን ትደገፋለች። ዘንድሮ እንዲህ እንዳይሆን ነው ይህን የምጽፈው።

ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ውድድር መግባት ፈልጋችኋል እንበል። ሥራ አላችሁ፣ ቤተሰብ አላችሁ፣ በሳምንት ማውጣት የምትችሉት አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ይበቃል። ስምንት ሳምንት ካላችሁ በደንብ ይበቃል፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት በችኮላ ካላቃጠላችኋቸው።

ቀስ ብሎ መንዳት ራሱ ሥራ ነው

በእነዚህ አራት ሳምንታት የምትነዱት ሁሉ ማለት ይቻላል ቀስ ያለ ይሁን። ምን ያህል ቀስ? አብሯችሁ ከሚነዳው ሰው ጋር ሳትቆራርጡ ማውራት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። በየሁለት ቃሉ መሀል አየር የምትስቡ ከሆነ ፈጥናችኋል። የልብ ምት መለኪያ ያላችሁ ከከፍተኛው ምታችሁ 70 በመቶ አካባቢ ቆዩ፣ 75ን አትለፉ።

አዲስ አበባ ላይ ይሄ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ዓይናችሁ ቀላል ዳገት ነው ያለው ቦታ ልባችሁን ጣሪያ ያስነካዋል። መፍትሔው እንጦጦን ለጊዜው መተው ነው። ሱሉልታ በኩል ሜዳውን ዳር ዳሩን የሚሄዱት ኮረኮንች መንገዶች ለዚህ ሥራ በጣም ጥሩ ናቸው። ዳገት የግድ ከሆነ የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ አስገቡ። እሱም ካልበቃ ውረዱና ግፉ፣ ምንም ነውር የለውም።

ይሄን ስል የማያምኑኝ ሰዎች አሉ። ቀስ ብዬ ነድቼ እንዴት እፈጥናለሁ ይላሉ። እንግዲያው አንድ ቀን በማለዳ ጫካ ውስጥ የሚሮጡ ልጆቻችንን ተመልከቱ። በተርታ ተከታትለው፣ በባሕር ዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ፣ በቀላል ቀናቸው እኔና እናንተ ልንከተላቸው በምንችለው ፍጥነት የሚሮጡት እነዚያ ልጆች ዓለምን የሚያሸንፉት ናቸው። ተመራማሪው ስቴፈን ሳይለርም የዓለም ምርጥ የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ሲያጠና ያገኘው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ከአሥር ልምምድ ስምንቱ ቀላል፣ ሁለቱ ብቻ ከባድ። ቀላሉ ቀን በእውነት ቀላል ካልሆነ በከባዱ ቀን እግራችሁ ባዶ ነው።

ሳምንቱን እኔ እንዲህ ባደርገው እመርጣለሁ፦ ማክሰኞና ሐሙስ አንድ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሌላውን የዕረፍት ቀን ደግሞ ለቁልቁለት ልምምድ። ለምትጾሙም ይመቻል፤ ረቡዕና ዓርብ ዕረፍት ስለሚሆኑ በባዶ ሆድ ዳገት መውጣት አይመጣም።

ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ዳገት ተመለሱ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ አንዱን ብቻ ምረጡና ጥሩ ዳገት ላይ አራት ደቂቃ ጠንክራችሁ ውጡ፣ አራት ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ይሄን አራት ጊዜ። አራተኛውን እንደ መጀመሪያው መውጣት ካቃታችሁ መጀመሪያውን አብዝታችሁታል ማለት ነው። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከቆመ ሳይክል የ30 ሰከንድ መነሻ አምስት ስድስት ጊዜ ጨምሩበት፣ ውድድር የሚጀመረው እንደዚያ ነውና። በመጨረሻው ሳምንት ሰዓቱን በግማሽ ቀንሱ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትተኙ፤ ከውድድሩ ሁለት ቀን በፊት ሁለት ሦስት አጫጭር ፍጥነቶች እግርን ያነቃሉ።

ቁልቁለቱ ላይ በነፃ የሚገኘው ደቂቃ

አማተር ነጂ ሁለት ወር ለፍቶ ዳገት ላይ የሚያገኘውን ደቂቃ ቁልቁለት ላይ በፍርሃት ያፈሰዋል። ሰው ሁሉ ሳንባውን ሲያሠራ እጁንና ዓይኑን ማሠራት ይረሳል። እባካችሁ ይሄን ክፍል አትዝለሉት።

አንድ 200 ሜትር ያህል ቁልቁለት ምረጡ። መጀመሪያ በእግር ውረዱት፣ ሥሩን፣ ድንጋዩን፣ ውኃ የቦረቦረውን እዩ። ከዚያ በሳይክል ደጋግማችሁ ውረዱት፣ በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ እያሰባችሁ። መጀመሪያ ዓይን፦ ከፊት ጎማችሁ ሥር ያለውን ሳይሆን ራቅ ያለውን ተመልከቱ፣ ምክንያቱም ሳይክል ዓይን ወደሄደበት ይሄዳል፤ ድንጋዩ ላይ ካፈጠጣችሁ ድንጋዩ ላይ ናችሁ። ቀጥሎ እግር፦ ከመቀመጫው ተነሱ፣ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ይሁኑ፣ ተረከዝ ወደ ታች፣ ጉልበትና ክርን ላላ። ከዚያ ፍሬን። ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ይገለብጠኛል ብሎ ይፈራና የኋላውን ብቻ ቆልፎ ይንሸራተታል። ሳይክልን በዋናነት የሚያቆመው ግን የፊቱ ነው። በአንድ አንድ ጣት፣ ሁለቱንም፣ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ። ደግሞም ከመታጠፊያው በፊት ጨርሱ፤ ጠመዝማዛው ውስጥ ገብቶ ፍሬን መጨበጥ ነው ብዙውን ሰው የሚጥለው።

እንጦጦ የራሱ ጠባይ አለው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ደረቅ ሆኖም ያንሸራትታል፣ ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት ይብሳል። እርጥብ ሥር ካያችሁ ቀጥ ብላችሁ፣ በተቻለ መጠን ጎማው ከሥሩ ጋር መስቀል እንዲሠራ አድርጋችሁ ተሻገሩት። በሰያፍ ከገባችሁበት ጎማው ይሸሻል። ሥሩ ላይ እያላችሁ ፍሬን አትንኩ።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምለው አለ። በእነዚህ መንገዶች እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፣ አህያ የሚነዱ ልጆች አሉ። መንገዱ ከእኛ በፊት የእነሱ ነው። ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ካስፈለገ ቁሙና አሳልፉ፣ «እንደምን አደራችሁ» በሉ። ያን ሸክም የያዘች እናት ዘወር ልትልላችሁ አይገባም። በፍጥነት መውረድ የምትፈልጉ ለብስክሌት ተብሎ በተሠራው የእንጦጦ ፓርክ መንገድ ላይ ሞክሩት። ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ብቻችሁን ጫካ አትግቡ።

ጭቃ፣ ጎማና ንፋስ

ዋልካ መሬት ላይ ዝናብ በዘነበ ማግስት አትንዱ። ጭቃው በጎማና በሾክ መሀል ይጠቀጠቅና ሳይክሏ መሽከርከር ታቆማለች፣ መንገዱም ይበላሻል። አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ስጡት። ቀይ አፈርና ኮረኮንች ቶሎ ይጠነፍፋሉ።

ስትመለሱ ሳይክሏን ላቫጆ ወስዳችሁ በዚያ ኃይለኛ ውኃ አታስመቷት። ውኃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ቅባቱን ያወጣዋል። ባልዲ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይበቃል። ካቴናውን አድርቁና የካቴና ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ አቧራ ይሰበስብና ጥርሱን ይበላዋል።

ንፋስ ላይ ብዙው ሰው ይሳሳታል፣ ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን ይሞላል። ጠንካራ ጎማ አስፋልት ላይ እንጂ ጫካ ውስጥ ፈጣን አይደለም፤ ይነጥራል፣ አይጨብጥም። 70 ኪሎ አካባቢ ከሆናችሁና ከመነዳሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ከፊት 26፣ ከኋላ 28 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ጀምሩ። ያለ ከመነዳሪ፣ ጎማው ውስጥ በሚጨመር ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ የምትነዱ ከፊት 21፣ ከኋላ 24 አካባቢ። ከዚያ አንድ አንድ እየቀነሳችሁ ቁልቁለታችሁ ላይ ሞክሩት። ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ ከሰማችሁ ሁለት መልሱ።

የውድድሩ ቀን

ማውንቴን ባይክ ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው፣ የምትገቡበትም ውድድር ምናልባት የዚያን ቅርጽ የያዘ ይሆናል፦ ሁሉም በአንድ ላይ ይነሳል፣ አጭር ዙር ይደጋገማል። ለታላላቆቹ ዙሩ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ነው፣ ውድድሩም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ለእኛ ለአማተሮች የዙሩ ቁጥር ይቀንሳል።

ማታውን ፓስታ ወይም ሩዝ፣ ወይም የለመዳችሁትን እንጀራ በቀለል ያለ ወጥ ብሉ። ክትፎና ቁርጥ ከውድድሩ በኋላ ይደርሳል። ጠዋት ከመነሻው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ዳቦ በማር ወይም የአጃ ገንፎ። ከአንድ ሰዓት በላይ የምትነዱ ከሆነ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋችኋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ኮዳችሁ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው በውኃ በጥብጡ፣ ኪሳችሁ ሁለት ሦስት ቴምር ያዙ፣ ያልራባችሁ ቢመስላችሁም በየ15 ደቂቃው ጎንጨት በሉ። በሶ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በልምምድ ላይ ያልሞከራችሁትን በውድድር ቀን አትሞክሩ።

ቀድማችሁ ድረሱና አንድ ዙር ንዱት። ዳገቱ የት ይጀምራል? የትኛው ማርሽ? የት ላይ ነው መንገዱ የሚጠበውና መቅደም የማይቻለው? ከዚያ 20 ደቂቃ ሰውነታችሁን አሙቁ።

መነሻው ላይ ሁሉም ሰው ያብዳል። በዚህ ከፍታ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ላይ ያፈሰሳችሁትን ትንፋሽ መልሳችሁ አታገኙትም። የመጀመሪያ ውድድራችሁ ከሆነ መሀል ላይ ቁሙ፣ በመጀመሪያው ዳገት ከምትችሉት ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ውጡ፣ የሚሄደው ይሂድ። ብዙዎቹን ሁለተኛው ዙር ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ስትቀድሙ «በግራ!» ብላችሁ ጩኹ፣ ፈጣን ሰው ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አሳልፉት።

ስንተኛ እወጣለሁ የሚለውን ለዚህ ውድድር እርሱት። የምትለኩት ሌላ ነው፦ የመጨረሻው ዙር ሰዓት ከመጀመሪያው ምን ያህል ተራራቀ? በሰዓቱ በላችሁ? ጠጣችሁ? ቁልቁለቱ ላይ የት ፈራችሁ? የዚያኑ ዕለት ማታ ጻፉት፣ በማግስቱ ይረሳል።

ውጭ ላላችሁ ይሄው ስምንት ሳምንት ይሠራል። ዱባይ ያላችሁ ወቅቱ የሚጀምረው ሙቀቱ ሲበርድ ስለሆነ ሐታ ተራሮች ላይ ከጥቅምት ጀምሮ መውጣት ትችላላችሁ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ከጥር መጨረሻ ተነስታችሁ ለመጋቢት መጨረሻ ተዘጋጁ። ለገና ወደ አገር ቤት መጥታችሁ እንጦጦን ልትነዱ ካሰባችሁ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ከፍታውን ለመልመድ ስጡት።

ከውድድሩ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ዕረፍት፣ ከዚያ ለአንድ ሳምንት ቀስ ያለ መንዳት። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ፤ ከወትሮው ሰባት ስምንት ምት ከጨመረና እንቅልፍ ካስቸገራችሁ ሰውነታችሁ ገና ነው፣ ሁለት ቀን ጨምሩለት። ሁለተኛውን ውድድር ከሦስት ሳምንት በኋላ ያዙት፣ እስከዚያ ደግሞ ማታ የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡና ቁልቁለቱ ላይ ከፈራችሁበት ቦታ ልምምዱን ጀምሩ።