በእጅ የሚሠራ የበዓል ስጦታ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ታኅሣሥ ሲገባ ቤቴ በክር ይሞላል። እዚህ ሀዋሳ ኪሮሽና ጥልፍ የማስተምራቸው ሴቶች ሁሉ ለገና አንድ ነገር መጨረስ ይፈልጋሉ። አንዷ ለአማቷ የጠረጴዛ ዳንቴል ትሠራለች። ሌላዋ ለእናቷ ነጠላ ትጠልፋለች። ሌላዋ ለእህቷ አራስ ልጅ ኮፍያ ጀምራለች። እሑድ እሑድ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ይመጣሉ። ለቤተሰብ የሚልኩትን ነገር በገዛ እጃቸው መሥራት ይፈልጋሉ። ይኼን ፍላጎታቸውን በጣም እወደዋለሁ። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ እጥበት ሲበላሽ የምናደደውም ለዚህ ነው።

ቀለም የሚለቅ ክር

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ይኼ ነው። ነጭ ነጠላ ላይ ቀይ ክር! ክሩ ከየት እንደተገዛ፣ ቀለሙ ይለቅ አይለቅ የሚጠይቅ የለም። ሱቁ ውስጥ ያምራል፤ በቃ፣ ይገዛል።

አንዲት ተማሪዬ ለእናቷ የፋሲካ ነጠላ ጠለፈች። ጥበቡ ዳር ላይ ቀይና አረንጓዴ መስቀሎች ነበሩ። ሥራዋ ንጹሕ ነበር፤ ከጀርባው ራሱ አንድ የተዝረከረከ ክር አይታይም። እናት ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ከበዓሉ በኋላ አጠበችው። ነጠላው ሮዝ ሆነ። እናትየው ልጅቷ እንዳታዝን ብላ ሳጥን ውስጥ ደበቀችው። ልጅቷ ያወቀችው በሌላ በዓል ቤት ስትሄድ ነው። «እትዬ፣ ክር ይለቃል እንዴ?» አለችኝ። አዎ፣ ይለቃል! ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ አብልጣችሁ ጠርጥሩ።

መፈተኑ እኮ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ከክሩ አንድ ስንዝር ቁረጡ። ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፉትና ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ሌላ ነጭ ጨርቅ ደርቡበት። ከዚያ በጋለ ካውያ ተጫኑት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከቀረ ክሩን ከመጥለፋችሁ በፊት እጠቡት። ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ታጥቦ ታጥቦ አሁንም የሚለቅ ከሆነ ነጭ ነገር ላይ አታስጠጉት። ብራችሁ ያሳዝናል፤ የወር ልፋታችሁ ግን የበለጠ ያሳዝናል።

«ኮምጣጤና ጨው ውስጥ ብዘፈዝፈውስ?» የምትል ሁልጊዜ አትጠፋም። የጥጥ ክር ላይ አትመኑበት። አሲድ የሚጠቅመው ሱፍና ሐር ሲቀለም ነው። የተቀለመን ጥጥ ቀለም እንዳይለቅ አያደርገውም።

ለቆም ከሆነ ጨርቁን አታድርቁት፤ ካውያም አታስነኩት። ከደረቀ ቀለሙ ይይዛል። እርጥብ እንዳለ ብዙ ውሃና ሳሙና ውስጥ ክተቱት። ውሃውን እየቀያየራችሁ አቆዩት። በረኪና ደግሞ ጥልፉንም ይዞት ስለሚሄድ አርቁት።

ያልታጠበ ጨርቅ ላይ መጥለፍ

አቡጀዲ ይሰበሰባል። ሽማኔ የሠራው ጥጥም ይሰበሰባል። ጥልፉ ግን አብሮ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ አበባው ዙሪያ ጨርቁ ይኮማተራል። መጀመሪያ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ተኩሱ፣ ከዚያ ጥለፉ።

ንድፉን በእስክርቢቶ አትሣሉ። በስስ እርሳስ ወይም ልብስ ሰፊዎች በሚጠቀሙበት የሳሙና ቁራጭ ሣሉት።

ክር እየቆነጠሩ መግዛት

ሦስት ልቃቂት ገዝቶ «ካነሰኝ እጨምራለሁ» ማለት አለ። ስትመለሱ ያው ነጭ፣ ያው ክሬም ይመስላችኋል። ቤት ወስዳችሁ ስታያይዙት ግን መሐል ላይ መስመር ይወጣል። ፋብሪካ ክር የሚቀልመው በየዙሩ ነው፤ የአንዱ ዙር ቀለም ከሌላው በትንሹ ይለያል። የታሸገ ክር ከሆነ ወረቀቱ ላይ የቀለሙ ቁጥርና የዙሩ ቁጥር አለ። ሁለቱም አንድ ይሁኑ። ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ልቃቂት አስበልጡ፤ ከተረፈ የሲኒ ማስቀመጫ ይሆናል።

ለጀበና የፕላስቲክ ክር

ይኼኛው አደገኛ ነው። ገበያ ላይ «የሱፍ ክር» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ሱፍ አይደለም፤ አክሪሊክ ነው። ለሹራብ ጥሩ ነው። ከእሳት ላይ ለሚወርድ ጀበናና ድስት ግን አይሆንም። ሲግል ይቀልጣል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ድስት መያዣና የጀበና ማቶት ከጥጥ ክር ብቻ ይሠራ፤ ደጋግማችሁም ደርቡት።

ለመለየት ቁራጭ ክር በመቆንጠጫ ይዛችሁ ሳህን ላይ አቃጥሉት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም ስስ ሆኖ በጣት ይበተናል። አክሪሊክ ግን እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሆናል። ነጋዴው ሱፍ ነው ቢላችሁም እሳቱን እመኑ።

ለሕፃን ማስዋብ

ለአራስ ጥየቃ የሚሠራ ኮፍያ ላይ ዶቃ፣ ቁልፍና ረጅም ሪባን አልወድም። ዶቃው ይነቀልና አፍ ውስጥ ይገባል። ሪባኑ አንገት ይይዛል። ማስዋብ ካማራችሁ በጥልፍ አስውቡ።

የእግር ሹራብ ሠርታችሁ ከሆነ ደግሞ ገልብጡትና ውስጡን እዩት። የተንጠለጠለ ክር የሕፃን ጣት ላይ ይጠመጠማል፤ ደም ያግዳል፤ ሕፃኑ የሚያለቅስበትን ማንም አያውቅም። ጫፎቹን ሁሉ አስገብታችሁ ስፉ። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ንድፍም ለሕፃን አትሥሩ፤ ጣት ይሾልክበታል።

ልኩንም አስቡበት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት ዙሪያው ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ስጦታው ለክርስትና ከሆነ ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ናት፤ እስከዚያ ጭንቅላቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። አስፉት።

አየሩን መርሳት

ሀዋሳ ለምትኖር አያት ወፍራም የአንገት ልብስ ሠርታችሁ ለምን አትለብስም ትላላችሁ። ይሞቃታላ! ከሐይቁ ንፋስ ሲነሳ የምትደርበው ስስ የጥጥ ሻል ይበቃታል። ያንኑ ወፍራሙን ሀገረ ሰላም ላለችው አክስት ብትልኩላት ቀኑን ሙሉ አታወልቀውም። ደጋ ነው፣ ብርድ ነው። መጀመሪያ ሰውየው የሚኖርበትን አየር፣ ከዚያ ንድፉን።

ለፊቼ የሚሠራ ስጦታ

ሲዳማ ጎረቤትና ዘመድ ያላችሁ ለፊቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ስትሠሩ ባለፈው ዓመት ቀን አትሂዱ። አያንቶዎቹ፣ ቀን ቆጣሪዎቹ የሲዳማ ሽማግሌዎች፣ ከዋክብትን ተመልክተው ነው ቀኑን የሚወስኑት፤ በየዓመቱ ይለያያል። ቀኑ ሲነገር ክር ልግዛ ያለች አትደርስም። ቀደም ብላችሁ ሠርታችሁ አስቀምጡ።

ሌላው ቅቤው ነው። ቡርሳሜ ቅቤ የጠገበ ምግብ ነው። ማዕድ ላይ የሚውል ነጭ ስስ ዳንቴል አንድ ቀን ውሎ ይበላሻል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ተፈትጎ የሚታጠብ፣ ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ሥራ ስጡ። ቀለሙም ደመቅ ይበል፤ መጀመሪያ የነገርኳችሁን የቀለም ፈተና ግን ይለፍ።

ዳንቴል በስኳር ማድረቅ

ዳንቴሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ የሚነክሩት አሉ። ጉንዳን ይወጣበታል። ስኳሩን ተዉትና ኮርንፍሎር ተጠቀሙ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ለብ ሲል ዳንቴሉን ነክራችሁ ጭመቁ። ከዚያ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ጫፎቹን በማይዝግ መርፌ ቁልፍ ወጥሩ። የሚዝግ ከሆነ ቡናማ ነጥብ ጥሎ ይሄዳል፤ አይለቅም።

የልጆችን ሥዕል ማረም

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጆች አበባ ሥለው ለጎረቤት ይሰጣሉ። አሁን አሁን ወላጅ የታተመ ሥዕል ይገዛና ልጁ ቀለም ብቻ ይቀባል። ወይም እናት አጠገብ ቁጭ ትልና «ፀሐይ እንዲህ አይደለችም» እያለች ታርማለች። እባካችሁ ተዉአቸው። ፀሐይዋ ሐምራዊ ብትሆን ምን ቸገረ? እኔ ጎረቤቶቼ ልጆች ያመጡልኝን ሁሉ አስቀምጫለሁ። የልጁ እጅ የሚታይባቸው ናቸው ደስ የሚሉኝ። ወረቀቱን ጠንካራ ግዙላቸው፣ እርሳሱን ቅረጹላቸው፤ እናንተ ወደ ቡናችሁ።

ጉድለቱን አብሮ መስጠት

ስጦታውን እየሰጡ «እዚህ ጋ ተበላሽቶብኛል» ማለት በጣም የተለመደ ነው። ተቀባይዋ ያላየችውን ነው የምታሳዩአት። እሱን ተዉና አጠባቡን ንገሯት፦ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይጨመቅ፣ በጥላ። ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብታያይዙት ደግሞ አትረሳውም።

ጊዜን መሳት

ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለት ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፤ ቤት ውስጥ ማስተናገድ አለ፣ ኪሮሽ የሚያነሳ የለም። በማግሥቱ «ለገና የጠረጴዛ ዳንቴል ልጀምር» የምትል ትመጣለች። የቀራት 10 ቀን እንኳ አይሞላም።

ክብ ዳንቴል ደግሞ ያታልላል። 20 ዙር ካለው 10ኛው ዙር ላይ ስትደርሱ ግማሽ የሠራችሁ ይመስላችኋል። ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር ዙሩ ይረዝማል፤ በዚያን ጊዜ የተሠራው ከጠቅላላው ሩብ ያህል ነው። ጀማሪዎች ሌሊት ቁጭ ብለው የሚያለቅሱት እዚህ ጋ ነው። በመሐል አንድ ዙር ስንት ደቂቃ እንደፈጀባችሁ ሰዓት እዩ። የመጨረሻዎቹን ዙሮች በእሱ እጥፍ አስቡ። በቀን ስንት ሰዓት በእርግጥ እንደምትቀመጡ ደግሞ ራሳችሁን አትዋሹ። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ መብራትም ይጠፋል።

10 ቀን ከቀራችሁ ስድስት የሲኒ ማስቀመጫ ሥሩ። አንዱ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ስድስቱን በጥጥ ክር አስራችሁ ከተቆላ ቡና ጋር መስጠት ይቻላል። የጠረጴዛውን ለፋሲካ አቆዩት።