የድሮ የጠላቂ ሰዓት ከመግዛትዎ በፊት በእጅ ባትሪ ይፈትሹት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራ የጠላቂዎች ሰዓት ሊገዙ ከሆነ፣ ከ6 ቁጥር በታች «ስዊስ» ከሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኝ «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል መኖሩን ይመልከቱ። ካለ፣ ጨለማ ክፍል ገብተው የእጅ ባትሪ ለጥቂት ሰከንዶች ያብሩበትና ያጥፉ። ነጥቦቹና ቀስቶቹ ቶሎ ከደበዘዙ ጥሩ ምልክት ነው፤ ለብዙ ደቂቃ ደምቀው ከቆዩ ግን ቀለሙ በኋላ ሳይቀባ አይቀርም። ፊደሉ የሚያመለክተው ትሪቲየምን ነው፤ ይህም ሰዓቱ በጨለማ እንዲያበራ በቀለሙ ውስጥ ይጨመር የነበረ፣ ጨረር የሚያመነጭ የሃይድሮጅን ዓይነት ነው። መጠኑ በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ አብሮት ያለው አብሪ ዱቄትም በጨረሩ ይደክማል። የእነዚህ ሰዓቶች ውበት ያ ወደ ክሬም ያደላ የደበዘዘ ቀለም ነውና በአዲስ ተሸፍኖ ሳየው በጣም ያሳዝነኛል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ለተሠሩት ግን ይህ ፍተሻ አይሆንም፤ ቀለማቸው ብርሃን ጠጥቶ ለሰዓታት የሚያበራ ነው።