ይቺን ቁጥር ማን ነካት? በፖስትግሬስ የለውጥ መዝገብ አሠራር

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ እህል መጋዘን ገቢና ወጪ የሚያዝበትን፣ ፖስትግሬስ በተባለው ሶፍትዌር የሚሠራ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፤ ጠዋት ቁልቁል ወርጄ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ኅዳር ላይ በደረሰብን ነገር ምክንያት ነው። ማሾ ከቃሉና ከባቲ ቆላ በጆንያ የሚጎርፍበት፣ ሚዛኑ የማያርፍበት ሰሞን ነበር።

የአንድ ሰብሳቢ ነጋዴ 41 ኩንታል ማሾ ሲስተሙ ላይ 14 ሆኖ ተገኘ። 27 ኩንታል ሰው የሚያቆራርጥ እህል ነው። ቴብሉ (መረጃው በረድፍና በዓምድ የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ) ላይ የነበረን ማስረጃ «መጨረሻ የተነካበት ሰዓት» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ነው፤ 12:40 ይላል። 12:40 ደግሞ መግሪብ ተሰግዶ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገብቶ፣ መጋዘኑ ውስጥ ቁልፍ የያዘው ልጅ ብቻውን የሚቀርበት ሰዓት ነው። ባለቤቱ ሐጂ ልጁን አስጠሩት።

«ወላሂ አልነካሁም ሐጂ።»

«ታዲያ ማን ነካው? ጅን ነው?»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሁለት ቀን ሥራ አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ሰርቨሩን «ሾው ታይምዞን» (የሰዓት ቀጠናህን አሳይ) ብዬ ጠየቅሁት። ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ብሎ መለሰልኝ። የእኛ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ ያ 12:40 በፈረንጅ ሰዓት 15:40፣ በእኛ ደግሞ ከቀኑ 9:40 ነው። በዚያ ሰዓት ልጁ ለአስር (ለከሰዓት በኋላው) ሶላት ሄዶ ነበር። የካርቦን ደረሰኞቹን ስናገላብጥ ነገሩ ተገለጠ፦ ጸሐፊያችን የሌላ ደንበኛ 14 ኩንታል ልታርም ገብታ አንድ መስመር ስታለች፤ ያረመችው 41 የነበረበትን ረድፍ ነው። ተንኮል የለበትም። ሐጂ ልጁ ቤት ድረስ ሄደው «አፉ በለኝ» አሉት።

እኔ ግን ያቺን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን እንደለወጠ የሚናገር መዝገብ ቢኖር ኖሮ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። የሠራሁትን እንደሠራሁት ላሳያችሁ። ትእዛዞቹን በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ የምትመቷቸው በላቲን ፊደል ነው።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሮጥበትን አቋራጭ ላንሳ። የፖስትግሬስ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ሎግ ስቴትመንት» የሚል መስመር አለ። «ሞድ» ብላችሁ ብትሞሉት ማስገባት፣ መቀየርና መሰረዝን የሚያዝ ትእዛዝ ሁሉ፣ ቴብል መፍጠርና ማፍረስን ጨምሮ፣ ሰርቨሩ የጽሑፍ ሎግ ላይ ይሰፍራል። ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ማስተካከያውን እንደገና እንዲያነብ ማድረግ ይበቃል። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ከፍቼዋለሁ። ችግሩ የሚነግራችሁ የታዘዘውን እንጂ የነበረውን አለመሆኑ ነው። «ክብደቱን 14 አድርግ» መባሉን ታያላችሁ፤ 41 እንደነበር ግን አታዩም። ለእኛ ጠብ ያስፈልግ የነበረው ደግሞ ያቺው 41 ናት። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው በትሪገር፣ ማለትም ቴብሉ ሲነካ ዳታቤዙ በራሱ በሚያስነሳው ትእዛዝ ነው።

መዝገቡ የሚቀመጥበትን ቴብል ለብቻው ስኪማ (ዳታቤዙ ውስጥ ያለ የቴብሎች ክፍል) ከፍታችሁ ፍጠሩት፤ የእኔው ስኪማ ኦዲት ይባላል። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ራሱ የሚቆጥር መለያ ቁጥር፣ ሰዓት፣ የተነካው ቴብል ስም፣ የረድፉ መለያ፣ የድርጊቱ ዓይነት፣ የቀድሞው ረድፍ፣ አዲሱ ረድፍ፣ የዳታቤዝ ተጠቃሚው፣ የሰውየው ስም። የቀድሞውና አዲሱ ረድፍ የሚቀመጡበትን ዓምድ «ጄሰንቢ» (ዓምዶቹን ከነስማቸው ባንድ ላይ የሚይዝ የመረጃ ዓይነት) አድርጉት፤ ያን ጊዜ አንድ የመዝገብ ቴብል ለሁሉም ይበቃል፣ ነገ የደንበኞች ቴብል ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመርም መዝገቡ አይፈርስም። ከመዝገቡ ወደ ዋናው ቴብል ፎሪን ኪይ (የአንዱን ቴብል ረድፍ ከሌላው ቴብል ረድፍ ጋር የሚያያይዝ ማሰሪያ) አታስሩ። ካሰራችሁ ወይ ዋናው ረድፍ አልሰረዝም ይላችኋል፣ ወይ ሲሰረዝ ታሪኩን ይዞት ይሄዳል። የተሰረዘው ረድፍ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምትፈልጉት ነው።

ቀጥሎ የትሪገር ፋንክሽኑ፣ ማለትም ትሪገሩ ሲነሳ የሚጠራው ትንሽ ፕሮግራም። አንድ ፋንክሽን ጽፋችሁ በፈለጋችሁት ቴብል ላይ ማንጠልጠል ትችላላችሁ፤ የትኛው ቴብል እንደጠራው «ቲጂ ቴብል ኔም»፣ ድርጊቱ ምን እንደሆነ «ቲጂ ኦፕ» ይነግሩታል። ሲጨመር ያለው «ኒው» (አዲሱ ረድፍ) ብቻ ነው፣ ሲሰረዝ «ኦልድ» (የቀድሞው ረድፍ) ብቻ፣ ሲቀየር ሁለቱም። እነሱን በ«ቱ ጄሰንቢ» ቀይሮ መዝገቡ ላይ መጻፍ ነው ሥራው። የይለፍ ቃል ያለበት ዓምድ ካለ በመቀነስ ምልክት ከጄሰንቢው ላይ አውጡት፤ ምስጢር መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ትሪገሩ «አፍተር» (ከለውጡ በኋላ የሚነሳ) ይሁን። «ቢፎር» (ከለውጡ በፊት የሚነሳ) ከሆነ እናንተ ከመዘገባችሁ በኋላ ሌላ ትሪገር ዋጋውን ሊለውጠው ይችላል፤ መዝገቡና ቴብሉ ያን ጊዜ ይጣላሉ። ለመቀየር የሚሆነውን ትሪገር ከማስገባትና ከመሰረዝ ለይታችሁ ፍጠሩት፤ «ዌን» በሚለው ቦታ ላይም «ኦልድ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም ኒው» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ካልተደረገ ጸሐፊዋ ምንም ሳትነካ «አስቀምጥ» ባለች ቁጥር መዝገቡ በከንቱ ይሞላል። በተራ የእኩል ምልክት አታወዳድሩ፤ ባዶ ዓምድ ላይ ያምታታል። በ10ኛውና ከዚያ በፊት ባሉት የፖስትግሬስ ቨርዥኖች ትሪገሩ ፋንክሽኑን የሚጠራው «ኤክስኪውት ፕሮሲጀር» በሚል ነው፤ ከ11 ጀምሮ «ኤክስኪውት ፋንክሽን» ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፦ ማን?

አብዛኛው ፕሮግራም ዳታቤዙ ዘንድ የሚገባው በአንድ የጋራ ተጠቃሚ ነው። ትሪገሩ «ማን ነህ» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰማው የፕሮግራሙን ስም ነው እንጂ የጸሐፊዋን ወይም የልጁን አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ማንኛውንም ለውጥ ከማድረጉ በፊት፣ እዚያው ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚቀሩ ትእዛዞች) ውስጥ፣ የሚጠቀምበትን ሰው ስም ለዳታቤዙ ይናገር። ለዚህ «ሴት ኮንፊግ» የሚባል ፋንክሽን አለ። ሦስት ነገር ይቀበላል፤ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለበት የመለያ ስም፣ የሰውየው መጠሪያ፣ በመጨረሻም እውነት ወይም ሐሰት። ያቺን መጨረሻይቱን እውነት አድርጓት። እውነት ከሆነች ስሙ ትራንዛክሽኑ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። ሐሰት ካደረጋችኋት ግን ስሙ ኮኔክሽኑ (ፕሮግራሙና ዳታቤዙ የሚገናኙበት መስመር) ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ኮኔክሽኖችን እያዟዟረ የሚጠቀም ከሆነ ቀጣዩ ሰው በቀደመው ሰው ስም ይጽፋል። የአንዱን ሥራ በሌላው ላይ የሚለጥፍ መዝገብ ጭራሽ መዝገብ ካለመኖሩ ይብሳል፤ እኛ ያለ መዝገብም አንድ ንጹሕ ልጅ ወንጅለናል።

ትሪገሩ ስሙን የሚያነበው በ«ከረንት ሴቲንግ» ነው፤ ሁለተኛውን ቦታ እውነት ብላችሁ ካልሞላችሁ ስሙ ባልተነገረ ጊዜ ስሕተት ያወጣል። አንድ ጊዜ ተነግሮ የጠፋ ስም ደግሞ «ነል» (ዋጋ የለም) ሆኖ ሳይሆን ባዶ ጽሑፍ ሆኖ ይመለሳል፣ ስለዚህ ባዶውን ጽሑፍ ወደ ነል የሚመልሰውን «ነልኢፍ» ጨምሩበት። ስም ከሌለ ባዶውን ይቀመጥ። አትገምቱለት።

ይህ ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ሰው ሁሉ የየራሱ መግቢያ ሲኖረው ነው። እኛ ዘንድ አንድ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ሞኒተሩ ጥግ ላይ ተለጥፎ ነበር። እኔው ቀደድሁት። ለሐጂም የራሳቸውን ሰጠኋቸው። «ልጄ፣ እኔንም ትመዘግባለህ?» አሉኝ። «አዎ ሐጂ፣ እርስዎንም» አልኳቸው። ሳቁና ጣታቸውን እየቆጠሩ ተለማመዱት።

መዝገቡን ማን ሊነካው እንደሚችልም ወስኑ። ፕሮግራሙ የሚገባበት ተጠቃሚ መዝገቡ ላይ የመጻፍም፣ የመቀየርም፣ የመሰረዝም ፈቃድ አይኑረው። ፋንክሽኑን «ሴኪዩሪቲ ዲፋይነር» አድርጋችሁ ባለቤቱን ሌላ ተጠቃሚ ካደረጋችሁት፣ ትሪገሩ በባለቤቱ ሥልጣን ይጽፋል፤ «ሰርች ፓዝ»ንም (ስሞች የሚፈለጉባቸውን ስኪማዎች ዝርዝር) እዚያው ፋንክሽኑ ላይ ቆልፉት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ፋንክሽኑ ውስጥ «ከረንት ዩዘር» ብትሉ የሚመጣላችሁ የባለቤቱ ስም ነው፤ የገባውን የዳታቤዝ ተጠቃሚ የምታገኙት በ«ሴሽን ዩዘር» ነው። የፕሮግራሙ ተጠቃሚ የዋናው ቴብል ባለቤትም አይሁን፤ ባለቤት ከሆነ ትሪገሩን ማጥፋት ይችላል። «ትራንኬት»ንም ከልክሉት፤ ቴብሉን በአንዴ ጠራርጎ ሲያጸዳ የረድፍ ትሪገር አይነሳም።

ሰዓቱን ነገር ደግሜ ላንሳው፣ ያቆሰለን እሱ ነውና። ዓምዱ «ታይምስታምፕ ዊዝ ታይም ዞን» ይሁን። «ናው» የሚለው ፋንክሽን የሚሰጠው ትራንዛክሽኑ የተጀመረበትን ሰዓት ስለሆነ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ትክክለኛ ሰዓት ከፈለጋችሁ «ክሎክ ታይምስታምፕ» በሉ። የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት ቀይራችሁ ዳታቤዝ ውስጥ አታስቀምጡ፤ የሚቀየረው ለሰው ሲታይ ነው። ስታሳዩ ታይምዞኑን «አፍሪካ አዲስ አበባ» አድርጉ፣ ከዚያ 6 ሰዓት ቀንሱ፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለውን ቃል ከፊቱ አስቀድሙ። ያ ቃል ሳይኖር ራቁቷን የቆመች 12:40 ሰው ፊት እንዳትታይ።

ሲያልቅ ፈትሹት። «ቢጊን» ብላችሁ አንድ ረድፍ ቀይሩ፣ መዝገቡ ላይ መስመሯን እዩአት፣ ከዚያ «ሮልባክ» (ለውጡን መልስ) በሉ። መስመሯ አብራ ትጠፋለች፤ የመለያ ቁጥሩ ግን አንድ ይዘላል። ሰው ሰርዞት ነው ብላችሁ አትደንግጡ። መብራት በመሐል ቢሄድም እንዲሁ ነው፤ ለውጡና መዝገቡ አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ስለሆኑ አንዱ ተርፎ ሌላው አይቀርም።

ሁሉንም ቴብል አትመዝግቡ። እኛ የያዝነው ገቢን፣ ወጪን፣ ዋጋንና የደንበኛ ሒሳብን ነው። በቴብል ስም፣ በረድፍ መለያና በሰዓት ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) ሥሩለት፤ መዝገቡ እየወፈረ ከሄደ በወር በወር ፓርቲሽን አድርጉት (ከፋፍሉት)።

አሁን ጸሐፊዋ አንድ ደረሰኝ ስትከፍት ከታች ታሪኩ ይታያታል፦ ማን አስገባው፣ ማን ከስንት ወደ ስንት ቀየረው፣ ከቀኑ ስንት ሰዓት። ቁልፍ ያዡም ልጅ ያያል፤ እንዲያይ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው።

የቀረው ቅጂ ነው። የሰርቨሩ ሱፐርዩዘር ሁሉን ማድረግ ስለሚችል መዝገቡ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ማሽን ይገልበጥ፤ የእኛው ደሴ ላለ ማሽን ይላካል። ክሮን (ሥራን በተወሰነለት ሰዓት የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ሰዓቱን ስትሞሉ ያችን ኅዳር አስቡ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሳ ፈልጋችሁ 2 ብትጽፉ፣ ዩቲሲ ላይ ያለ ሰርቨር የሚነሳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። 23 ብላችሁ ጻፉ።