የጃፓን ስፖርት መኪና ቴፕ ሲቀየር

ገላን ያለው ጋራዤ ከጃፓን የመጣ ሴሊካ ሲገባ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሸገር 102.1 ለምን አይዝም?» የጃፓኑ ሬዲዮ የተሠራው ለ76–90 ሜጋኸርዝ ነዋ! ውስጡ ያለው የመንገድ ካርታም ቶኪዮን እንጂ ቱሉ ዲምቱን አያውቅም። ቴፑን ሙሉውን ቀይሩት።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። በአዲሱ ቴፕ ገመዶች ውስጥ ቢጫው ሁልጊዜ 12 ቮልት ያገኛል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ፤ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ቢጫና ቀዩ ከተምታቱ መኪናውን ባጠፋችሁ ቁጥር ሰዓቱም ጣቢያዎቹም ይጠፋሉ። የመኪናውን ሶኬት አትቁረጡ፤ ለሞዴሉ የሚሆን ማገናኛ ግዙ። ቆርጠው በፕላስተር የሚጠቀልሉ አሉ፤ እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም።

የጂፒኤስ አንቴናውን ከፊት መስታወቱ ሥር ለጥፉት፤ ከላዩ ብረት አይኑር። ካርታውን ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዱት። ዳሽቦርዱን ከመግጠማችሁ በፊት ሁሉንም ሞክሩ።