ከግድቡ ጀርባ ውሃ ወጣ? መጀመሪያ ቀለሙን እዩ

ለዋናና ለጀልባ ብላችሁ የሠራችሁት ትንሽ የአፈር ግድብ ከጀርባው፣ ማለትም ኩሬው በሌለበት በታችኛው በኩል፣ ረጥቧል እንበል። ቶሎ አትደንግጡ። ውሃ ጭራሽ የማያሳልፍ የአፈር ግድብ የለም። ዋናው ነገር ውሃው ምን ይዞ ይወጣል የሚለው ነው። በብርጭቆ ቅዱና አቆዩት። ጥርት ብሎ ከቀረ፣ በየሳምንቱ ባልዲ ደቅናችሁ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ጻፉ፤ የኩሬውንም ከፍታ አብራችሁ መዝግቡ፣ ኩሬው ሲሞላ በግድቡ ሰርጎ የሚወጣው ውሃም ስለሚጨምር።

ደፍርሶ ከወጣ ግን ቀልድ የለም። ውሃው ግድቡን ከውስጥ እየሸረሸረ ነው፣ እንዲህ ያለ ግድብ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ከታች ያሉትን ሰዎች አስጠንቅቁ፣ ውሃውን ማጉደል ጀምሩ፣ የግድብ መሐንዲስ ጥሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሲሚንቶ አቡክቶ ቀዳዳውን ከጀርባ ይደፍነዋል፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ውስጥ ይጠራቀምና በሌላ ቦታ በርግዶ ይወጣል። ከጀርባ የሚደረገው ውሃውን አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀር ነገር ነው፤ መጀመሪያ ንጹህ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር። መድፈን ካስፈለገ በውሃው በኩል ነው።

በማስወጫ ቧንቧው ዙሪያ ከሆነ የሚወጣው፣ ወይ አፈሩ ሲሠራ በደንብ አልተጠቀጠቀም ወይ ብረቱ ዝጎ ተበስቷል። የመጀመሪያው ኩሬውን አጉድሎ ቆፍሮ እንደገና መጠቅጠቅ ይጠይቃል። ለዛገው ግን አንዳንዴ በውስጡ የፕላስቲክ ቧንቧ አስገብቶ በመሃል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ መሙላት ይበቃል። ብቻ በአንዴ አታጉድሉት፤ አስቸኳይ ካልሆነ ቀስ በሉ። ውሃ የጠገበው የፊት ተዳፋት፣ ማለትም በኩሬው በኩል ያለው፣ ደጋፊው ድንገት ሲሸሽበት ይንሸራተታል።

ዛፍ? ጥላው ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል። ቀጫጭኑን አሁኑኑ ንቀሉ። ትልቁን ቆርጦ መተው ችግሩን ማዘግየት ነው፤ ውሃው ጎድሎ ጉቶውና ሥሩ ይውጣ፣ ጉድጓዱም በተጠቀጠቀ አፈር ይሞላ። ከዚያ ሣር ብቻ።

ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወደ ግድቡ አናት ከተጠጋ፣ ማስተንፈሻውን፣ ማለትም ትርፉ ውሃ የሚፈስበትን መውጫ፣ እዩ። አሣው እንዳያመልጥ ብላችሁ ወንፊት ሽቦ ያሰራችሁበት ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ ቅጠል ይዞ ይደፈናል። ኩሬው ለጀልባ ጥልቅ እንዲሆን ተብሎ ማስተንፈሻው ላይ የተጋደመም ጣውላ ካለ ዛሬውኑ ይነሳ።

ጀርባው ደረቅ ሆኖ ኩሬው ከጎደለስ? ውሃ የሞላ ባልዲ ኩሬው ውስጥ አስቀምጡ። እኩል ከቀነሱ ፀሐይ ነው የወሰደው።